የኋላ ክፍሏ ደባል

ከሠላሳ ዓመት በላይ «እርስዎ» ስላት የኖርኩትን ሴት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እሷ» እላታለሁ። ልሰድባት ፈልጌ አይደለም። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ዛሬም ፊቷ ስቆም ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው «እትዬ» ነው። ስለ እሷ የምጽፈው ነገር ግን አንቱታ አይስማማውም። ስሟን አልጽፍም። የሚያውቋት ማን እንደሆነች ወዲያው ይገባቸዋል፤ የማያውቋት ስሟን ቢሰሙት ምንም አያደርግላቸውም።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ኦክላንድ ባለው የአማርኛ ጉባኤያችን፣ እትዬ ምስክርነት ልትሰጥ ተነሣች። ከሳን ሆዜ ወንድ ልጇ በመኪና ያመጣታል፤ የፊቱ ወንበር ይለቀቅላታል። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ እግዚአብሔር ከትልቁ መንገድ ሥር እንዴት እንዳወጣት ተናገረች። የምትኖርበት ቤት ለፍሪዌይ ተብሎ እንደፈረሰ፣ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ልትቀር እንደነበር፣ በመጨረሻ በር እንዴት እንደተከፈተላት። ምዕመኑ በየመሀሉ አሜን ይላል። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ፈለገችኝና በጣቷ አመለከተችኝ።

«ይቺ እህታችን ትመስክር። ያኔ እንግዳዬ ነበረች። ሁሉንም በዓይኗ አይታለች።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ ለብዙ ዓመት ለምጄዋለሁ፤ ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው የሚፈልገው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማም፣ ጌስቷ ነበርሽ?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ከአራት ወር ኖሬያለሁ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሚቀመጥ እንግዳ የለም።

ቤቱ ምዕራብ ኦክላንድ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እትዬ ከአንድ ሰውዬ ተከራይታዋለች። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ከኋላ ደግሞ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ባለ አንድ መስኮት ጠባብ ክፍል ነበረው። የኋላዋ ክፍል የኔ ነበረች። እትዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። በየወሩ መጀመሪያ የድርሻዬን ለእሷ እሰጣለሁ፣ እሷ ከራሷ ጋር ደርባ ለሰውዬው ትሰጣለች። የኪራይ ውሉ ላይ ግን የእሷና የሁለት ልጆቿ ስም ብቻ ነበር የተጻፈው፤ ሌላ ሰው ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ በገባሁበት ቀን ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አስጠናችኝ።

«ማንም ቢጠይቅሽ እንግዳ ነኝ ነው የምትዪው። ገባሽ?»

«ማን ይጠይቀኛል?»

«ማንም! ባለቤቱ፣ ፖስታ አዳዩ፣ የመብራቱ ሰውዬ። እስቲ በይ።»

«አይ አም ኤ ጌስት።»

«አይ አም ጀስት ኤ ጌስት» ብላ አረመችኝ። «‹ብቻ› ማለት ነው፤ ጀስት ስትጨምሪበት ይተዉሻል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኩ። የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ አልኩ። የልጆቿ አስተማሪ ስልክ ደውላ «ማን ልበል?» ስትለኝ አልኩ። እንግሊዝኛዬ ገና ስብርብር ባለበት ዘመን ያለ ስሕተት የምናገራት ዐረፍተ ነገር እሷ ነበረች።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደባልን ያውቃል። በሌላ ሰው ስም በተያዘ የቀበሌ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል፣ አንዳንዴም በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ይዞ የሚኖር ሰው ነው። ቃሉ ደስ አይልም። ሰዎች «እሷ እኮ ደባል ናት» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቢሆንም ደባልን ቀበሌ ያውቀዋል፤ ስኳር ሲታደል እንኳ በራሱ ስም ይሰለፋል። እንግዳ ክቡር ነው፤ አልጋ ይለቀቅለታል፣ ቀድሞ ይቀርብለታል። ያ ሁሉ የሚደረግለት ግን ስለሚሄድ ነው። እትዬ እኔን ደባል ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ለሰው ስታስተዋውቀኝ «እንግዳዬ ናት» ትላለች፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፤ እኔም ለብዙ ጊዜ አክብራኝ መስሎኝ ነበር።

ከግራ በኩል ያለው ቤት የአንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ነበር። «እማማ» እላት ነበር። የኛን ቃል ከራሷ ቋንቋ ጋር አቀራርባ ስለምትሰማው ደስ ይላታል። በሯ ላይ ሁለት የቤት ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ ጥቁር ከተቀባ ብረት የተሠራ፣ ሌላው ከታች ከነሐስ የተሠራ። ሁለቱ አይገናኙም። አንድ ቀን የትኛው ነው ትክክለኛው ብዬ ጠየቅኋት።

«የላይኛው የከተማው ነው» አለችኝ። «የታችኛው የኔ ነው።»

የታችኛው፣ ባገባች በሁለተኛው ዓመት የገዙት ቤት ቁጥር ነበር። ያ ቤት የቆመበት መንገድ መሀል ላይ የመጀመሪያው ፍሪዌይ ሲሠራ እነሱና ጎረቤቶቻቸው በሙሉ እንዲለቁ ተደረጉ። ባሏ ዕቃ ሲጭን እሷ ካቻቢቴ ይዛ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ከዚያ በኋላ ያ ባለ ሁለት ፎቅ መንገድ በሰፈሩ አናት ላይ ለብዙ ዓመታት ሲጮኽ ኖረ። በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ወደቀ፤ ሰዎችም ሞቱበት። እኔ ስመጣ ፍርስራሹ ተጠርጎ አልቆ፣ ቦታው ረጅም ባዶ ሜዳ ሆኖ ነበር። እማማ ከወጣትነቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሳትጮኽ ሰው ማነጋገር መቻሏን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። «አሁን ጆሮዬ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም የሚያስቸግረኝ» ትላለች።

አዲሱ መንገድ ግን መሠራቱ አልቀረም። በሰፈሩ መሀል አይለፍ፣ ዳር ዳሩን በወደቡ በኩል ይዙር ተባለ። የሰፈሩ ሰዎች ታግለው ያገኙት ነው፤ ብዙ ቤት ተረፈ። ዳሩ ላይ ያሉት ግን አልተረፉም። ዳሩ ላይ የነበርነው እኛ ነን።

ቤቶቻችን እንደሚፈርሱ የሚገልጸው ማስታወቂያ የመጣ ሰሞን እማማ ከአጥሩ በላይ ጠራችኝ። ጎመኗን ውሃ እያጠጣች ነበር።

«ስሚ፣ ወረቀት የያዘ ሰው ይመጣል። ጫማው ንጹሕ፣ ንግግሩ ጣፋጭ ነው። ማን ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። ስምሽን ጮኽ ብለሽ ተናገሪ። እዚህ እኖራለሁ በዪ። ያን ቀን ያልተጻፈ፣ በኋላ እንዳልተወለደ ነው የሚቆጠረው።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ አትበዪኝ። እስቲ በዪ።»

ሳቅሁ። ሁሉም ሰው የሚያስጠናኝ ዘመን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስለዚህ «እዚህ እኖራለሁ» አልኳት፣ እሷም ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ወረቀት የያዘው ሰውዬ የመጣው እትዬ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በነበሩበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። የማታ ተራ ሠርቼ ገና መግባቴ ነበር፤ እጄ በሳሙና ተልጦ ያቃጥለኛል። በሩን ስከፍት ጫማው እንዳለችው ንጹሕ ነበር። ሰላም አለኝ። የተከራይዋን ስም ከወረቀቱ አነበበልኝና እኔ እሷ መሆኔን ጠየቀኝ። አይደለሁም አልኩት። «እርስዎስ እዚህ ይኖራሉ?» አለኝ።

አፌ ቀደመኝ። «አይ አም ጀስት ኤ ጌስት።»

«ታንክዩ» ብሎ ጻፈ። ጀስት ስትጨምሪበት ይተዉሻል ብላኝ የለ፤ ወዲያው ተወኝ።

በሩን እንደዘጋሁ ያልኩት ነገር ገባኝ። ተከትዬው ልሮጥ አልኩ። ደግሞ እትዬ ትዝ አለችኝ፤ ውሉን ጥሳ እንዳስገባችኝ ቢታወቅስ? እሷን አሳጥቼ እኔ ልጻፍ? የኋላዋ ክፍል ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ከሰዓት በኋላ እማማ በአጥሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አልሽው?»

ነገርኳት።

የውሃ ቧንቧውን መሬት ላይ ጣለችው። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ገመድ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲደርቅ ያየሁት ልብስ የማን ነው? የመንፈስ ነው?»

«እትዬን ችግር ላይ እጥላታለሁ ብዬ ነው።»

«እሷ ስምሽን ታስጽፍልሽ እንደሆነ እናያለን» አለችኝ።

እትዬ ከሥራ ስትመለስ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

«እኔ አስተካክለዋለሁ። አንቺ ከነሱ ጋር አትነጋገሪ፣ እንግሊዝኛሽ ያሳስትሻል። ደግሞ ምትክ ቤት ነው የሚሰጡን። ላንቺም አንድ ክፍል አለሽ።»

ምትክ ቤት። በደብዳቤው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዲህ ነበር የተረጎምነው። አገር ቤት መንግሥት ቤትህን ሲያፈርስ ምትክ ቤት ይሰጥሃል፤ ቁልፍ ነው የሚሰጥህ። እኛም መንገድ የሚሠሩት ሰዎች አንድ ቀን ቁልፍ ይዘው የሚመጡ መስሎን ነበር። እትዬ እንዲያውም «ሚልፒታስን የመሰለ ሩቅ ከተማ ቢሰጡን እንዴት ሥራ እሄዳለሁ?» እያለች ትጨነቅ ነበር። ለእማማ ስነግራት የበረንዳዋን ብረት ይዛ ሳቀች። ቁልፍ እንደማይሰጥ፣ ነገሩ ስማቸው ለተጻፈ ሰዎች ብቻ ሌላ ቤት ሲከራዩ ወይም ሲገዙ የሚደረግ እርዳታ እንደሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። «ስማቸው ለተጻፈ» የምትለውን ሁለቴ አለቻት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ውስጡ የእትዬና የልጆቿ ስም ብቻ ነበር። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት።

«ነገርኳቸው እኮ። ለመንኳቸው። ራሷ በገዛ አፏ ተናግራለች፣ አንዴ ከተጻፈ አይቀየርም አሉኝ። ምን ላድርግሽ የኔ እህት? አንቺው ነሽ ያልሽው።»

አመንኳት። እውነትም እኔው ነኝ ያልኩት።

ከዚያ በኋላ እማማን ሸሸኋት። ልብሴን ከገመዱ ላይ የምሰበስበው እሷ ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቄ ነበር። የእሷም ቤት ሊፈርስ ነው፤ ሁለተኛዋ ነው፣ ሄጄ አይዞሽ እንኳ አላልኳትም። የእህቷ ልጅ መጥታ ወደ ሌላ ከተማ ስትወስዳት በመስኮት አየሁ። በሩ ላይ ቁጥሮቹ የነበሩበት ቦታ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። የላይኛውንም የታችኛውንም ፈትታ ነው የሄደችው።

የኛ ቀን ሲደርስ እትዬ በሬን አንኳኳች። «ተነሺ፣ መኪናው መጥቷል።» አማርኛ ክፉ ቋንቋ ነው አንዳንዴ፤ ተነሺ ትእዛዝም ነው፣ ለመንገድ ተብሎ ቤቱ የሚፈርስበት ሰውም ስሙ ተነሺ ነው። እኔ የታዘዝኩት እንጂ የተጠራሁበት አይደለም። ዕቃዋ ተጫነ። ሳን ሆዜ ያገኘችው ቤት ሦስት መኝታ ክፍል ነበረው። «ልጆቹ አድገዋል፣ ለየብቻ ይሁኑ ብዬ ነው። ለጊዜው የሆነ ቦታ እረፊ፣ ከዚያ እናያለን» አለችኝ። ለጊዜው የተባለው ቦታ ሳን ሊያንድሮ የአንድ የሥራ ጓደኛዬ ሳሎን ነበር። ከዚያ በኋላ አላየንም።

አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተ፣ ልጄን አሳደግሁ። ያን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። እትዬን በየጉባኤው፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ሳገኛት ሦስት ጊዜ ጉንጯን እስማለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ስለዚያ ቤት ከተነሣ ሳቅ ብላ ትናገራለች፦ «እሷማ ገና እንግሊዝኛ ሳትለምድ በገዛ አፏ ጌስት ነኝ ብላ ተሰረዘች!» ሰው ይስቃል። ጥሩ ቀልድ ነው። እኔም እስቃለሁ።

ባለፈው ዓመት በዚያ እሑድ፣ ከእትዬ ምስክርነት በኋላ መኪና ውስጥ ልጄ ዝም ማለት አልቻለችም። እሷ አማርኛ ሁሉ ይገባታል፣ ስትመልስ ግን ግማሹን ከራሷ ቋንቋ ነው የምታመጣው።

«ማም፣ ሰዎች አሁን ሊስት እየሠሩ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ፍሪዌይ ሲሠራ ቤታቸው የፈረሰባቸውን። ለምን አንቺ አትጻፊም?»

«እኔ እንግዳ ነበርኩ።»

«ስቶፕ ኢት።»

ነገሩን ሰምቼዋለሁ። መሀል ከተማውን ለሁለት የከፈለውን ሌላ መንገድ ስለማንሣት ይወራል፤ በዚሁ ሳቢያ የድሮ ነዋሪዎችን ስም የሚያሰባስብ አንድ የሰፈር ቡድን ነበር። ወደፊት በዚያ አካባቢ ቤት ከተሠራ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል የሚሉም አሉ። ልጻፍ ያሰኘኝ ለዚያ አልነበረም። እኔ ያን ቤት አልደርስበትም። ግን ሁለት ሌሊት ካሰብኩበት በኋላ ለልጄ «ፎርሙን አምጪው» አልኳት። አንድ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ቤት ትኖር ነበር ተብሎ እንዲጻፍ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ፎርሙ ምስክር ወይም ማስረጃ ይጠይቃል። የኪራይ ውል የለኝም፣ ደብዳቤ በስሜ አይመጣልኝም ነበር። ልጄ የዚያን ዘመን የቤቱን መዝገብ ቅጂ እንዲሰጡን መንገዱን ለሠራው መሥሪያ ቤት ጻፈች። ብዙ ወራት ቆየ። ወፍራም ፖስታ ሲመጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችውና ማንበብ ጀመረች፤ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችልኝ። የተከራይዋ ስም፣ የልጆቿ ስም። ቀጥሎ፦ በሩን የከፈተችው ሴት እንግዳ ነኝ ብላለች።

«አዎ» አልኩ። «ብያለሁ።»

«ዌይት» አለችኝ። «ሌላ ገጽ አለ። በእጅ የተጻፈ።» ጣቷን እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች፤ የከበዳትን ወደ አማርኛ ለመመለስ እየታገለች። «ጎረቤት፣ ያቺ በስተግራ ያለችው፣ ቢሮ ድረስ መጥታ ተናገረች። ሁለተኛ ሴት የኋላ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ሦስት ዓመት ሆናት። ቁልፍ አላት። እንግዳ ያለችው ፈርታ ነው። ጎረቤቷ... ኢንሲስትድ ይላል... እንዲጻፍ አጥብቃ ጠየቀች።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እማማ አውቶቡስ ላይ ለመውጣት ጉልበቷን በሁለት እጇ የምታነሣ ሴት ነበረች። እኔ በምሸሻት በዚያ ሰሞን ቢሮ ድረስ ሄዳ ነበር።

«ከዚያስ?»

ልጄ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አንብቢው።»

«በዚህ ምክንያት ተመልሰው መጡ። ተከራይዋን ጠየቋት። ሁለተኛዋ ሴት ነዋሪ ከሆነች ስሟ ይጨመራል ብለው ነገሯት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ተከራይዋ፦ አትኖርም፣ እንግዳዬ ናት፣ አልፎ አልፎ ታድራለች አለች። ፈረመች። ማም፣ ሲግኔቸሯ እዚህ አለ።»

አየሁት። ያን ፊርማ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት የሚጠመዘዝ። በልጄ ሰርግ የስጦታ ካርድ ላይም አለ።

እንግዲህ አንዴ ከተጻፈ አይቀየርም የተባለው ውሸት ነበር። ሊቀየር ተከፍቶ ነበር። አንዲት ምንም የማትዛመደኝ ሴት አስከፍታው ነበር። የዘጋው የገዛ አፌ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት በራሴ ላይ ስስቅ ኖሬያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳን ሆዜ ሄድን። እትዬ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታለች። ልጇ በሩን ከፍቶልን ወደ ጓሮ ወጣ። ሻይ አስቀርባልን ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርስዎ የፈረሙት ነው፣ እትዬ።»

«የጥንት ነገር።»

«እንደማይቀየር ነግረውኝ ነበር።»

መነጽሯን አወለቀች። «ምን ልበል ነበር? ሁለት ቤተሰብ በአንድ ውል? ባለቤቱ ቢሰማ ውሉን ጥሳለች ብሎ እኔንም ያሰርዘኝ ነበር። ሁለታችንም ሜዳ ላይ ከምንቀር።»

«አንዳችን ቀረን።»

«አንቺ ብቻሽን ነበርሽ፤ እኔ ልጆች ነበሩኝ።»

«ያን ቢነግሩኝ ኖሮ እሺ እል ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው። ራሴ እጄን ዘርግቼ እሰጣት ነበር፣ ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። «ግን አልነገሩኝም። አንቺው ነሽ ያልሽው አሉኝ። በየሰርጉ ሳቁብኝ።»

«እና ምን ልበልሽ ነበር? ደባሌ ናት ልበል? በሰው ፊት? ክብርሽን ጠብቄ እንግዳዬ አልኩሽ እንጂ!»

«ደባልዎ ነበርኩ።»

«እኔ እህቴን ደባል የምል ሰው አይደለሁም» አለችኝ፤ ያዘነች ትመስል ነበር። ምናልባትም አዝናለች። የራሷን ደግነት ከልቧ የምታምን ሴት ናት፤ ለዚህ ነው ሙግት የማይረታት።

ልጄ ፎርሙንና ብዕሩን አጠገቧ አስቀመጠች። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው። እማዬ እዚያ ትኖር ነበር የሚለው ላይ ይፈርሙላት። ፕሊዝ።»

እትዬ ብዕሩን አነሣች። ሁለቱን ወረቀቶች፣ የድሮውንና አዲሱን፣ ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው።

«እዚህኛው ላይ ብፈርም፣ ያኛው ውሸት ነበር ማለት አይደል?»

«ነው» አልኳት።

በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየች። ልጇ የብርቱካን ዛፉን ይከረክም ነበር። ብዕሩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ሻይው ቀዘቀዘ» አለች። «ጠጡ እንጂ።»

አልጠጣሁም። ሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ሳልቀምስ ስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዳ ብሆን ኖሮ ነውር ነበር።

ስንመለስ ልጄ ነዳች። ሚልፒታስን አለፍን። የሳን ሊያንድሮው መውጫችን ላይ ስንደርስ አልወጣችም፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ወደ ወደቡ ስንቃረብ ኮንቴይነር የጫኑ ትሬለሮች ከግራም ከቀኝም ከበቡን። ይሄ ነው መንገዱ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት አላውቅም፤ ለሥራም፣ ለሐኪም ቤትም፣ ለጉባኤም።

«የት ጋ ነበር ቤቱ?» አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ፤ የባቡር ሐዲድ፣ አጥር፣ የመጋዘን ጣሪያ። መንገዱ ከፍ ብሎ ይጠመዘዛል። ላሳያት እጄን ሳነሣ ከኋላችን ያለው ትሬለር ጥሩምባ ነፋ።

«አለፍነው» አልኳት።

ቤት ገብተን ፎርሙን ሞላነው። ምስክር የሚለው ቦታ ላይ የእማማን ስም ጻፍኩ። ልጄ «ማም፣ ይሄኔ ሞታለች እኮ» አለችኝ። «ወረቀቱ ላይ አለች፤ ያን ገጽ አያይዢው» አልኳት። ቀጥሎ «ከዋናዋ ተከራይ ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚል ቦታ ነበር። ልጄ ብዕሩን ይዛ ጠበቀች።

«ሩምሜት ልበል?»

«አይሆንም። ሩምሜት እኩል የቤት ተጋሪ ነው።»

«ታዲያ?»

ብዕሩን ተቀበልኳትና በራሴ እጅ በአማርኛ ጻፍኩት፦ ደባል። ልጄ ሥሩ በእንግሊዝኛ «እዚያ ትኖር ነበር» ብላ ጨመረች። ለሰፈሩ ቡድን ሰጥተን መጣን። የተቀበለችን ወጣት የዚያን ዘመን ወረቀቶች ሲጣረሱ ብዙ አይታለች፤ በሕይወት ያለ ሰው ካልመሰከረ ያልተረጋገጠ ተብሎ እንደሚቀመጥ በትሕትና ነገረችን። «ይቀመጥ» አልኳት። እስካሁን እዚያው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ እትዬ እንደገና ምስክርነት ተነሣች። እንደማትነሣ ገምቼ ነበር። ያው ማይክሮፎን፣ ያው መንገድ፣ ያው የተከፈተ በር። ምናልባት ብታቆም እኔ ያሸነፍኳት ስለሚመስላት ይሆናል። ወይም በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ እያለች ስትናገረው እውነት ሆኖላታል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቷ እንደለመደው ወደኔ መጣ።

«ይቺ እህታችን እንኳ ታውቃለች። ያኔ እንግዳዬ...»

«ደባልሽ» አልኩ።

ከተቀመጥኩበት ነው የተናገርኩት። አልጮኽኩም፤ ነገር ግን እማማ እንዳስጠናችኝ ጮኽ ብሎ ተሰማ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ብያታለሁ፤ ከቃሉ ይልቅ መጨረሻው ላይ ያለችው «ሽ» ናት ፊቷን የለወጠችው።

«ምን አልሽ?» አለች በማይክሮፎኑ።

«ደባልሽ ነበርኩ። እዚያ ቤት እኖር ነበር።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፣ የምስክርነቱ አካል መስሎት፣ «አሜን» አለ። ሌሎችም ተከትለው አሜን አሉ።

አሜን ያሉት ስላልገባቸው ነው፤ አውቃለሁ። ልጄ ግን ገብቷታል፤ እጄን ይዛኛለች። እትዬ ማይክሮፎኑን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ልጇ መጥቶ እስኪያስቀምጣት ድረስ።